የማን ፊርማ ይቆጠራል?

በራዲዮ የመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም የቀረበ ንግግር

ንግግሩን በራዲዮ ሳይሆን ከዚህ ወረቀት ላይ የምታነቡ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቦታ ላይ ቆም በሉ፤ ተመለሱና ድገሙት።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ፊርማ ነው። ደመወዝ ስንቀበል ስለምንፈርመው አይደለም። የዕድር ገንዘብ ስናስረክብ ስለምንፈርመውም አይደለም። አንድ ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ይቅረብልን ብለው ሰዎች ስለሚፈርሙት ፊርማ ነው። ይህን ፊርማ ማን መፈረም ይችላል? ማንስ አይችልም?

ነገሩን ያነሣችው የማታ ክፍላችን ናት። ባለፈው ሰሞን በማታ ከሚማሩት እናቶች አንዷ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማንም እርዳታ ጻፉ። የራሳቸውን ስም፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን። እርሳሱን አስቀመጡና ጽሑፉን ረጋ ብለው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው፦

«መምህር፣ ከእንግዲህ የትም መፈረም እችላለሁ ማለት ነው?» አሉኝ።

«የትም» በማለታቸው ክፍሉ ሣቀ። እሳቸው ግን አልሣቁም። ልጃቸው የምትኖረው አሜሪካን አገር፣ ሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። አንድ ቀን ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ ከመደብሩ በር ላይ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ቆሟል። «እስቲ ይፈርሙልኝ፣ አዲስ ሕግ ለሕዝብ ልናቀርብ ነው» ይላታል። ልጅቱ ፈራች። ሳትፈርም አልፋው ሄደች። ቤቷ ስትገባ ግን ቆጫት፤ ለእናቷም በስልክ ነገረቻቸው።

«እኔ የማልችለው መጻፍ ስለማላውቅ ነበር። እሷ የተማረች ናት። ለምን ትፈራለች? መፈረም ነበረባት ወይስ አልነበረባትም?» አሉኝ እኚህ እናት።

ወዲያው መመለስ አልቻልሁም። «ለሚመጣው ሳምንት አጥንቼ እነግርዎታለሁ» አልኋቸው። ያጠናሁትን ነው ዛሬ ለእናንተም የምነግራችሁ።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባን፣ ወደ ልጅቱ ከመመለሳችን በፊት ወደ ሌላ አገር ጎራ እንበል። አገሩ ስዊዘርላንድ ነው። ስዊዘርላንድ በአውሮፓ መካከል የምትገኝ ተራራማ አገር ናት። 26 ክፍለ አገሮች አሏት፤ እነሱ ካንቶን ይሏቸዋል። በዚች አገር ሕዝብ ፊርማ ሰብስቦ ድምፅ የመስጠት ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕጉም በደንብ ተጽፎ የተቀመጠ ስለሆነ ለትምህርት ይመቻል።

እዚያ ፊርማ የሚሰበሰብበት መንገድ ሁለት ነው።

አንደኛው እንዲህ ነው። የአገሪቱ ምክር ቤት አዲስ ሕግ ያወጣል። ሕጉ ያልጣማቸው ሰዎች አሉ እንበል። «ይህ ሕግ ሕዝቡ ራሱ ሳይወስንበት ሥራ ላይ አይዋል» ማለት ይችላሉ። ለዚህም 50,000 ፊርማ ያስፈልጋቸዋል። ጊዜያቸው ሕጉ በይፋ ከታተመበት ቀን ጀምሮ 100 ቀን ብቻ ነው። ፊርማው ከሞላ መንግሥት ሕጉን ለሕዝብ ድምፅ ያቀርባል። ይህ ሪፈረንደም ይባላል። በአማርኛችን ሕዝበ ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ የሰፋ ነው። ምክር ቤቱ ምንም ባላለበት ጉዳይ ሕዝቡ ራሱ ሐሳብ ያመነጫል። «በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ይህ ይጨመር» ወይም «ይህ ይውጣ» ይላል። ለዚህ 100,000 ፊርማ በ18 ወር ውስጥ መሰብሰብ አለበት። እነሱ ኢኒሺየቲቭ ይሉታል። እኛ «ሕዝብ ያመነጨው ሐሳብ» እንበለው። ይህ መብት በሕገ መንግሥታቸው የገባው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1891፣ በእኛ በ1883 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ፊርማና ድምፅ አንድ አይደሉም። አንድ መቶ ሺህ ሰው ስለ ፈረመ ብቻ ሐሳቡ ሕግ አይሆንም። ፊርማው በሩን ያስከፍታል እንጂ ቤት ውስጥ አያስገባም። ከዚያ በኋላ መላው መራጭ ድምፅ ይሰጣል። በሕገ መንግሥት ጉዳይ ከሆነ ሐሳቡ እንዲያልፍ የመራጩም ብዙኃን፣ የካንቶኖቹም ብዙኃን መደገፍ አለባቸው። ብዙ ሐሳብ ፊርማው ሞልቶለት በድምፅ ይወድቃል።

እንግዲህ ማን ይፈርማል?

መልሱ አጭር ነው። መፈረም የሚችለው ድምፅ መስጠት የሚችል ሰው ነው። በስዊዘርላንድ በአገር አቀፍ ጉዳይ ድምፅ የሚሰጠው የአገሪቱ ዜጋ የሆነ፣ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው ነው። በዘላቂ የአእምሮ ሁኔታ ምክንያት በሕግ ሙሉ ሞግዚት የተደረገለት ሰው ግን አይፈርምም። ይህ የመጨረሻው ነገር በራሳቸው አገር ያከራክራል። በጄኔቫ ካንቶን ሕዝቡ በፈረንጆች 2020 ድምፅ ሰጥቶ ለካንቶኑ ጉዳዮች ይህን ገደብ አንሥቶታል።

ዜጋ መሆንና ዕድሜ መድረስ ብቻ ግን አይበቃም። ስሙ በመራጮች መዝገብ ላይ መገኘት አለበት። መዝገቡን የሚይዘው ሰውየው የሚኖርበት የአካባቢ አስተዳደር ነው። ኮሙን ይሉታል፤ እንደ እኛ ቀበሌና ማዘጋጃ ቤት ያለ ነው። በመላ አገሪቱ ከ2,000 በላይ ኮሙኖች አሉ። ለዚህም ነው የፊርማው ወረቀት በየኮሙኑ የሚለየው። በአንድ ወረቀት ላይ የአንድ ኮሙን ሰዎች ብቻ ይፈርማሉ። ወረቀቱ ሲሞላ ወደዚያው ኮሙን ይላካል። ሠራተኛው ወረቀቱንና መዝገቡን ጎን ለጎን አድርጎ ስም በስም ያመሳክራል። «ይህ ሰው አለ፤ ይህ የለም» እያለ ያረጋግጣል።

የዕድራችሁን ጸሐፊ አስቡ። ለቅሶ ሲደርስ ጸሐፊው የሚያየው መዝገቡን ነው። ሰውየው ደግ ነው፣ ጎረቤታችን ነው፣ ሁልጊዜ ይመጣል ቢባል ስሙ መዝገቡ ላይ ከሌለ የዕድሩ ገንዘብ አይወጣም። የኮሙኑ ሠራተኛ ሥራም ይኸው ነው።

ፈራሚው ስሙን በራሱ እጅ፣ በሚነበብ ጽሑፍ ይጽፋል። የተወለደበትን ቀንና አድራሻውን ይሞላል። በመጨረሻም ይፈርማል። ለአንድ ጉዳይ መፈረም የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጽሑፉ ካልተነበበ ፊርማው አይቆጠርም። ሁለት ጊዜ ከፈረመ አንዱ ይሰረዛል። ብዙ ስሞች በአንድ እጅ ተጽፈው ከተገኙም ችግር ነው።

ይህን የመጨረሻውን ሳነብ የእኛ ልማድ ትዝ አለኝ። አባወራው «እኔ ለሁላችንም ፈርሜአለሁ» ይላል። የሚስቱን ስም ይጽፋል፤ የልጆቹን ስም ይጽፋል፤ በሁሉም ፊት ይፈርማል። ክፋት አስቦ አይደለም። ቤተሰቡን የወከለ ይመስለዋል። በስዊዘርላንድ ሕግ ግን የሚቆጠርለት የራሱ ብቻ ነው። ሚስት ለራሷ ትፈርማለች። ካልፈለገችም አትፈርምም።

መጻፍ የማይችል ሰውስ?

በማታ ክፍላችን ይህን ስናገር ሁሉም ጆሮውን አቀና። መጻፍ የማይችል ሰው ከመብቱ አይወጣም። መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠውን ሌላ መራጭ «ጻፍልኝ» ማለት ይችላል። ልብ በሉ፣ የሚመርጠው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ወረቀቱን ይዞ የመጣው ሰው ራሱን አይመርጥለትም። የጻፈውም ሰው በራሱ ፊርማ «እኔ ነኝ የጻፍሁለት» ብሎ ያረጋግጣል። የተነገረውንም ለሌላ አያወራም። ይህ ሁሉ በሕጋቸው ተጽፎ የተቀመጠ ነው።

ይህን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብሁት። ምክንያት አለኝ። አባቴ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ መጣና ሰዎቹን ሰበሰበ። «መንገድ እንዲሠራልን የምንጠይቅበት ነው» ብሎ አነበበላቸው። አባቴም ከጎረቤቶቻቸው ጋር አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ቆይቶ ሲታይ ወረቀቱ ስለ መንገድ አልነበረም። የጋራ ግጦሻቸውን መልቀቃቸውን የሚገልጽ ነበር። ያነበበላቸው ሰው ያነበበው ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን እሱ የፈለገውን ነው። አባቴ «አልፈረምሁም» ማለት አልቻሉም። አሻራው የእሳቸው ነበር።

እንግዲህ ስዊዘርላንዶቹ «ባለጉዳዩ የመረጠው ሰው» ያሉት ለምን እንደ ሆነ ይገባችኋል።

አሁን ወደ አንድ የቆየ ታሪክ እንሂድ። ማን ይፈርማል የሚለው ጥያቄ ቀልድ እንዳልሆነ ያሳየናል።

ስዊዘርላንድ የሕዝብ ፊርማ አገር ናት ብለናል። ነገር ግን «ሕዝብ» ሲባል ለረጅም ዘመን ወንዶቹ ብቻ ነበሩ። ሴቶች በአገር አቀፍ ጉዳይ ድምፅ አይሰጡም ነበር። ድምፅ የማይሰጥ ደግሞ አይፈርምም። ስለዚህ ሴቶቹ «የመምረጥ መብት ይሰጠን» የሚል ሐሳብ አመንጭተው ለሕዝብ ድምፅ ለማቅረብ ቢፈልጉ፣ ራሳቸው መፈረም አይችሉም። መብቱን ለመጠየቅ አስቀድሞ መብቱ ያስፈልጋቸዋል። ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ውጭ እንደ ቀረ ሰው ማለት ነው።

የቀራቸው መንገድ አቤቱታ ነበር። አቤቱታ ማንም ሰው ለመንግሥት ማቅረብ ይችላል። በፈረንጆች 1929፣ በእኛ 1921 ዓ.ም. ሴቶቹና ደጋፊዎቻቸው ፊርማ ሰብስበው ለመንግሥት አስረከቡ። ፊርማው ስንት ነበር መሰላችሁ? 249,237። ከዚህ ውስጥ 170,397ቱ የሴቶች ነበር። 78,840ው የወንዶች ነበር።

በዚያን ጊዜ ሕዝብ ያመነጨውን ሐሳብ ለድምፅ ለማቅረብ የሚጠየቀው ፊርማ 50,000 ነበር። እስቲ አስሉት። የሴቶቹ ፊርማ ብቻውን ከሚፈለገው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ግን ወረቀቱ አቤቱታ ነው። አቤቱታ መንግሥትን «ስማን» ይላል እንጂ «ለድምፅ አቅርብ» ብሎ አያስገድድም። መንግሥትም ተቀበለ፤ አስቀመጠው። ጉዳዩ በአገር አቀፍ ደረጃ ለድምፅ የቀረበው ከ30 ዓመት በኋላ በፈረንጆች 1959 ነው። በዚያም ቀን ድምፅ የሚሰጡት ወንዶቹ ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል «አይሆንም» አሉ። ሴቶቹ የመምረጥ መብት ያገኙት በፈረንጆች የካቲት 7 ቀን 1971፣ በእኛ ጥር 30 ቀን 1963 ዓ.ም. በተሰጠ ድምፅ ነው።

ከአቤቱታው አንድ ዓመት በፊት በበርን ከተማ የሴቶች ሥራ የሚታይበት ትልቅ ኤግዚቢሽን ተደርጎ ነበር። ሴቶቹ በሰልፉ ላይ ትልቅ ቀንድ አውጣ ሠርተው እየጎተቱ አለፉ። የመብታችን ጉዞ ይህን ያህል ይፈጥናል ማለታቸው ነው። ተናደው ሳለ መቀለዳቸው ደስ ይለኛል።

ሴቶቹ ወደ መዝገቡ ሲገቡ የመራጩ ቁጥር በእጥፍ አደገ። በዚህም የተነሣ በፈረንጆች 1977 የሚፈለገው ፊርማ ከፍ ተደረገ። 50,000 የነበረው 100,000 ሆነ። ለሕዝበ ውሳኔ ደግሞ 30,000 የነበረው 50,000 ሆነ።

ዛሬም በስዊዘርላንድ እየኖሩ መፈረም የማይችሉ ሰዎች አሉ። ከነዋሪው አራት እጅ አንዱ ያህል የውጭ አገር ዜጋ ነው። ከእነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይገኙባቸዋል። ሠርተው ግብር ይከፍላሉ፤ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ዜግነት እስካልወሰዱ ድረስ ግን በአገር አቀፍ ጉዳይ አይፈርሙም። በሌላ በኩል ውጭ አገር የሚኖር ስዊዘርላንዳዊ በመራጭነት ከተመዘገበ ከሩቅ ሆኖ ይፈርማል። በኑሻቴልና በዡራ ካንቶኖች ብዙ ዓመት የኖሩ የውጭ አገር ሰዎች በካንቶኑ ጉዳይ ድምፅ ይሰጣሉ። ይህም ቢሆን በካንቶኑ ብቻ ነው። «እኖርበታለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ» ማለት ለፊርማ ይበቃል ወይስ ዜግነት ያስፈልጋል? የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ስለ ሰፈሩ ትምህርት ቤትና ስለ ሰፈሩ ውኃ ቢፈርም የሚጎዳ ነገር አይታየኝም። ነገር ግን ሕጉ እንዲህ አይደለም፤ እኔም የምነግራችሁ ሕጉን ነው።

አቤቱታ ግን ለእነሱም ክፍት ነው። የስዊዘርላንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ማንኛውም ሰው ለባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፣ በዚህም ምክንያት ጉዳት ሊደርስበት አይገባም ይላል። ዜጋ ይሁን አይሁን፣ 18 ዓመት ይሙላው አይሙላው። ባለሥልጣኑም አቤቱታውን ማየት ግዴታው ነው።

ስለ ማጭበርበርም ጥቂት ልበል። ፊርማ የሚሰበስቡት ሁሉ በነፃ የሚሠሩ አይደሉም። በአንድ ፊርማ ይህን ያህል እየተባለ የሚከፈላቸው አሉ። በፈረንጆች 2024 በስዊዘርላንድ ትልቅ ጫጫታ ተነሥቷል። በገንዘብ ከሚሰበስቡት አንዳንዶች ያልፈረሙ ሰዎችን ስም ጽፈዋል ተብሎ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዷል። በዚያ አገር የሰው ስም አስመስሎ መፈረም፣ ወይም መብት ሳይኖር መፈረም ወንጀል ነው። የተጻፈው የትውልድ ቀን ከመዝገቡ ጋር ካልተስማማ፣ ወይም አሥር ስም በአንድ እጅ ከተጻፈ፣ የኮሙኑ ሠራተኛ የሚነቃው በዚያች ስም በስም ማመሳከር ነው። አሰልቺ ሥራ ትመስላለች። ግን እሷ ባትኖር ማንም ሰው የማንንም ስም ይጽፍ ነበር።

አሁን ወደ ሎስ አንጀለስ እንመለስ፤ ልጅቱ እየጠበቀችን ነው።

አሜሪካ 50 ግዛቶች አሏት። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ በፊርማ ሕግ እንዲያቀርብ ወይም የወጣ ሕግ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ እንዲጠይቅ ይፈቅዳሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ቦታዎች የዴንቨር ከተማ ያለችበት ኮሎራዶ እና የሲያትል ከተማ ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ይህ መብት አላቸው። ቨርጂኒያ ግን በግዛት ደረጃ ሕዝብ በፊርማ ሕግ የሚያቀርብበት መንገድ የላትም። ልጅቱ ያለችበት ካሊፎርኒያ አላት። እዚያ የሚፈለገው ፊርማ የሚሰላው ባለፈው የአገረ ገዢ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ ነው። ለተራ ሕግ ከመቶ 5፣ የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ከመቶ 8 ነው።

በካሊፎርኒያ የሚፈርመው በሚፈርምበት ጊዜ በመራጭነት የተመዘገበ ሰው ነው። ለመመዝገብ ደግሞ የአሜሪካ ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ይበቃ ይሆን? አይበቃም። ግሪን ካርድ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ዜግነት አይደለም። መብት እንደሌለው እያወቀ የፈረመ ሰው በሕግ ይጠየቃል። ሳይሆን «ዜጋ ነኝ» ብሎ በመራጭነት የተመዘገበ የውጭ አገር ሰው ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል። በር ላይ የቆመው ሰው «ምንም አይደለም፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ» ቢል ኃላፊነቱን የሚወስድላት የለም። እሱ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ስሟ ግን እዚያው ይቀራል።

በካሊፎርኒያም ፈራሚው ስሙንና የመኖሪያ አድራሻውን ራሱ ጽፎ ይፈርማል። መጻፍ የማይችል ሰው ሌላ ሰው ስሙንና አድራሻውን ይጽፍለታል። ምልክቱን ግን ራሱ ያደርጋል፤ አንድ ምስክርም አይቶ ይፈርማል። በምርጫ ጽሕፈት ቤት ፊርማው ሰውየው ሲመዘገብ ከፈረመው ጋር ይነጻጸራል። ሁሉም ፊርማ አንድ በአንድ ላይታይ ይችላል። መጀመሪያ በዕጣ ጥቂቱ ወጥቶ ይመረመራል፤ ከዚያ የቀረው ይገመታል። እህል ሸማች ከጆንያው ጭብጥ አውጥቶ እንደሚያየው መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ደስ አሰኝቶኛል። በካሊፎርኒያው ወረቀት ላይ ፊርማ ሰብሳቢው የሚከፈለው ወይም በነፃ የሚሠራ ሊሆን እንደሚችል፣ ፈራሚውም ይህን የመጠየቅ መብት እንዳለው ተጽፎ ይገኛል። የሐሳቡም ርእስና አጭር መግለጫ እዚያው ወረቀቱ ላይ መታተም አለበት። ፈርሞ የተጸጸተ ሰውም ወረቀቶቹ ለምርጫ ጽሕፈት ቤት ከመግባታቸው በፊት በጽሑፍ አመልክቶ ፊርማውን ማንሣት ይችላል። አባቴ ይህ ቢኖርላቸው ኖሮ ብዬ አሰብሁ።

«እኛ አገርስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በክፍሌም ተጠይቄአለሁ።

በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥታችን ሕዝበ ውሳኔ አለ። የሚመጣው ግን በሰዎች ፊርማ አይደለም። ለምሳሌ አንድ ብሔር የራሱን ክልል ለማቋቋም ሲፈልግ፣ በአንቀጽ 47 መሠረት ጥያቄውን መጀመሪያ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መቀበል አለበት። ከዚያ ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል። ሕዝበ ውሳኔውም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ይደራጃል። በሲዳማ የሆነው እንዲህ ነው። የዞኑ ምክር ቤት ጥያቄውን በ2010 ዓ.ም. አጸደቀ። ሕዝቡም ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ ሰጠ። ሁለት ምልክቶች ነበሩ፤ ሻፌታና ጎጆ። ሻፌታ «የራሳችን ክልል ይሁን» ማለት ነበር፤ ጎጆ «ባለንበት እንቆይ» ማለት ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ሻፌታንና ጎጆን ይለያሉ። ከመቶ ከ98 በላይ የሆነው ድምፅ ለሻፌታ ተሰጠ።

እንግዲህ በእኛ አገር በር ላይ ቆሞ «ሕግ ለሕዝብ ድምፅ እንድናቀርብ ፈርሙልኝ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ያ ወረቀት ሕዝበ ውሳኔ አያስጠራም። አቤቱታ ነው ማለት ነው። አቤቱታ ደግሞ መብት ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ አቤቱታ ሊያቀርብ እንደሚችል ይናገራል። የውኃ ቧንቧ እንዲገባ፣ ድልድይ እንዲሠራ፣ መምህር እንዲላክ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ነገር ግን ከመፈረማችሁ በፊት ርእሱን ራሳችሁ አንብቡት። ለማን እንደሚቀርብ እዩ። ከስማችሁ በላይ ባዶ ቦታ ካለ ምን ሊጻፍበት እንደ ሆነ ጠይቁ። ገና ቶሎ ማንበብ ካልቻላችሁ እናንተ የምታምኑትን ሰው ጥሩ፤ ወረቀቱን ይዞ የመጣውን አይደለም።

በቀጠሮዬ መሠረት ለእኚያ እናት ይህን ሁሉ ነገርኋቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፦

«ልጄ ያላት ግሪን ካርድ ነው» አሉ።

«እንግዲያው ባለመፈረሟ ደግ አደረገች፤ ይንገሯት» አልኋቸው።

«ቆጭቷት ነበር'ኮ!»

«አይቆጫት። ለከተማው ምክር ቤት የሚቀርብ ተራ አቤቱታ ከሆነ ዜጋ ሳትሆንም ትፈርማለች። ለምሳሌ መብራት ይግባልን፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ ይሠራልን የሚል ከሆነ። ዜግነት ወስዳ በመራጭነት ስትመዘገብ ደግሞ ያንኛውንም ትፈርማለች።»

ጥቂት አሰቡ። ደብተራቸውን ገለጡና «አቤቱታ የሚለው የሚጻፈው በየትኛው አ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በሰሌዳው ላይ ጻፍሁላቸው። ክፍሉ በሙሉ ገለበጠው። እናንተም ከዚህ በታች ባለው መስመር ላይ ሦስት ጊዜ ጻፉት።

አቤቱታ … … …

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ደረሰኝ እንነጋገራለን። በቤታችሁ ያለ አንድ ደረሰኝ ፈልጋችሁ ከደብተርና ከእርሳሳችሁ ጋር ይዛችሁ ጠብቁን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።